ክርክር፦ የአባት ስም የፓርላማ ወንበር ያሰጣል? የሪችመንዱ መስፍን ጉዳይ

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ! የዛሬው ጉዳይ ከእንግሊዝ አገር ነው። በሎርዶች ምክር ቤት (የፓርላማው ላይኛው ቤት) ለዘመናት ብዙ ሰው ወንበር የሚያገኘው አባቱ ሲሞት ነበር። በ1999 አብዛኞቹ የውርስ ሎርዶች ተሰናብተው 92 ብቻ ቀሩ። በ2024 ደግሞ መንግሥት እነሱንም የሚያስወጣ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ጋሽ መኮንን ባለፈው ሳምንት «ውርስን እንዲህ አታጣጥሉት፣ ሦስተኛውን የሪችመንድ መስፍን እዩ» ብለው ነበር። እንግዲህ ሰውየውን እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የለም።

ጋሽ መኮንን፦ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ሰውየው ቻርልስ ሌኖክስ ይባላል። በ1735 ተወለደ። አባቱ በ1750 ሲሞት በ15 ዓመቱ መስፍን ሆነ። በ1759 ጀርመን ውስጥ ሚንደን በተባለው ጦርነት ላይ ተዋግቷል። በ1765 በፓሪስ አምባሳደር ነበር። ይሄ ሁሉ ይቅር፣ የእኔ ነጥብ ሰኔ 2 ቀን 1780 ላይ ነው። ያን ቀን በሎርዶች ፊት ቆሞ አንድ ረቂቅ አቀረበ። 21 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ፣ ከእብድና ከወንጀለኛ በቀር፣ ድምፅ ይስጥ። ምርጫ በየዓመቱ ይሁን። አገሩ በሕዝብ ቁጥር እኩል በሆኑ 558 የምርጫ ክልሎች ይከፈል። ልብ በሉ፣ እንግሊዝ ለወንዶች ሁሉ ድምፅ የሰጠችው በ1918 ነው። ሰውየው 138 ዓመት ቀድሟል! ለምን ደፈረ? ወንበሩን ማንም ስለማይነቅለው ነዋ። የተመረጠ ሰው የመራጩን ፊት ያያል። እሱ የማንን ፊት ያያል?

ቀልደኛው፦ ጋሼ፣ ያን ቀን ደጅ ላይ ምን እንደነበር ለምን ዘለሉት? የጎርደን ረብሻ የሚባለው፣ ካቶሊኮችን የሚቃወመው የለንደን ሁከት የተነሳበት ዕለት ነው እኮ! ሕዝቡ ፓርላማውን ከቦ ሎርዶቹን ከሠረገላቸው ያወርድ፣ ያንገላታ ነበር። ውስጥ መስፍኑ «ሕዝቡ ይምረጥ» ይላል፣ ውጭ ሕዝቡ የሎርዶችን ዊግ ይነቅላል። 😂 ረቂቁ የድምፅ ቆጠራ እንኳ ሳይካሄድበት ወደቀ።

ሰሎሜ ከለንደን፦ ጋሽ መኮንን፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ወንበሩ ከየት እንደመጣ ሳናይ ስለተቀመጠበት ሰው አናውራ። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ሉዊዝ ደ ኬሩዋይ የምትባል ፈረንሳዊት ውሽማ ነበረችው። በ1672 ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ በ1675 የሪችመንድ መስፍን ተባለ። የሦስት ዓመት ሕፃን! ምን ሠርቶ ነው? የእርስዎ ጀግና የዚያ ሕፃን የልጅ ልጅ ነው።

የባሰው ደግሞ ገንዘቡ ነው። ንጉሡ ለልጁ የከሰል ቀረጥ ሰጠው። ከኒውካስል አካባቢ፣ ከታይን ወንዝ በመርከብ ከሚወጣው ከሰል በአንድ ቻልድሮን (የድሮ የከሰል መስፈሪያ ነው) አንድ ሽልንግ። ያንን ከሰል የሚያነደው ማነው? በብርድ የሚንቀጠቀጠው የለንደን ድሃ። ቀረጡ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ በ1799 መንግሥት በዓመት 19,000 ፓውንድ ሊከፍል ተስማምቶ መብቱን ወሰደ። ሰውየው «ለድሃው ድምፅ ይሰጠው» ሲል በኪሱ የያዘው የዚያኑ ድሃ የከሰል ገንዘብ ነበር።

ቀልደኛው፦ ስለ ዘር ካነሳን አይቀር የእናትና አባቱን ጋብቻ ስሙማ። የመጀመሪያው መስፍን ካዶጋን ለሚባል ጄኔራል የቁማር ዕዳ ነበረበት። ዕዳውን ለመዝጋት በ1719 ሄግ ከተማ ላይ ልጆቻቸውን አጋቡ። ሙሽራው 18፣ ሙሽሪት 13። ልጁ ከሠርጉ ወዲያው አውሮፓን ሊያይ ሄደ። እንደሚተረከው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ቲያትር ቤት አንዲት ቆንጆ አየ። «ማናት?» ቢል «ሚስትህ ናት!» አሉት።

ሰሎሜ ከለንደን፦ የ13 ዓመት ልጅ ለቁማር ዕዳ ተሰጥታ ነው ቀልዱ?

ቀልደኛው፦ ልክ ነሽ እህቴ። ተቀብያለሁ።

ደረጀ፦ ትንሽ ከርዕስ ልውጣ። «መስፍን» የሚለው ትርጉም ያሳስተናል። በእኛ አገር ራስ ወይም ደጃዝማች የሚባለው ሰው ተሾሞ ነው። የራስ ልጅ አባቱ ስለሞተ ብቻ በነጋታው ራስ አይባልም፤ ዘር ቢረዳውም ሹመቱ ከንጉሥ መምጣት አለበት። የእንግሊዙ ግን ማዕረጉ እንደ ርስት ይወርዳል። በአእምሯችን ራስ እየሣልን ከተከራከርን አንግባባም።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ ግን ለጋሽ መኮንን ትንሽ አደላለሁ። ያኔ የታችኛው ምክር ቤትስ የተመረጠ ነበር እንዴ? ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ሁለት ተወካይ ይልክ ነበር! ባለመሬቱ ያለው ሰው ይገባል፣ አለቀ። የሪችመንድ ወንድም ሎርድ ጆርጅም መጀመሪያ የቺቼስተር፣ ቀጥሎ የሳሴክስ ተወካይ ነበር። ቺቼስተር ደግሞ መስፍኑ ቤት ሥር ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ በ1780 «የተወለደ» እና «የተመረጠ» ብሎ መለየት ከባድ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ደረጀ፣ ያ እኮ የሰሎሜን ክርክር ነው የሚያግዘው። ውርስ ላይኛውን ቤት ይዞ አልበቃውም፣ የታችኛውንም ዋጠው ማለት ነው።

እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየው አቋሙን ጠበቀ ወይ? በ1782 የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤት የበላይ ሆነ፤ በመካከል ከጥቂት ወራት በቀር እስከ 1795 ቆየበት። በ1783 ለአየርላንድ በጎ ፈቃደኛ ጦር መሪ ለኮሎኔል ሻርማን ደብዳቤ ጽፎ ያንኑ የምርጫ ሐሳብ ደገመ። ደብዳቤው ታተመ፣ ተሰራጨ፣ ጫማ ሰፊ ሳይቀር አነበበው። ከዚያ በጠቅላይ ሚኒስትር ፒት ካቢኔ ውስጥ ዝም አለ። 1794 ላይ መንግሥት ቶማስ ሃርዲ የሚባል ጫማ ሰፊ አሰረ። ክሱ የአገር ክህደት ነው፣ ቅጣቱ ሞት። ሃርዲና ጓደኞቹ የሚሉት ምንድን ነበር? ለወንድ ሁሉ ድምፅ፣ በየዓመቱ ምርጫ። ጠበቃው ኧርስኪን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሪችመንድን ደብዳቤ አወጣ። «ደንበኛዬ የሚለው ከሳሹ መንግሥት ሚኒስትር የጻፈውን ነው» እንደማለት። ሃርዲ ኅዳር 5 ቀን ነፃ ወጣ።

እስቲ አስቡት። ያንኑ ሐሳብ መስፍን ሲናገረው ረቂቅ ሕግ፣ ጫማ ሰፊ ሲናገረው ክህደት። ጋሼ የሚሉት ድፍረት እሱ ነው። የቻለው ማንም ስለማይነካው ነው።

ጋሽ መኮንን፦ አንተ ልጅ ጥሩ ትከራከራለህ። ግን ራስህ መለስክልኝ እኮ። መስፍኑ ባይጽፈው ኧርስኪን ምን ይዞ ይቀርብ ነበር? ጫማ ሰፊውን ያዳነው የመስፍን ፊርማ ነው።

ሌላም ልጨምር። በ1778 የአሜሪካ ጦርነት ይቁም፣ ወታደሩ ይውጣ ብሎ ሎርዶች ፊት የተከራከረ እሱ ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ታላቁ ቻታም ሊቃወመው ተነስቶ እዚያው ወደቀ፣ ከወር በኋላም ሞተ። በ1791 ደግሞ በእሱ ኃላፊነት ዘመን ነው የአገሪቱ የካርታ ሥራ ድርጅት የተጀመረው። ዛሬም እንግሊዞች ተራራ ሲወጡ የሚይዙት ካርታ የዚያ ድርጅት ነው። ሰሎሜ፣ አንቺም ይዘሽ ይሆናል።

ሰሎሜ ከለንደን፦ ይዣለሁ ጋሼ፣ ጠፍቼም አውቃለሁ። 😄

ለፊርማው ግን መልስ አለኝ። የ1780ው ረቂቅ የታችኛውን ቤት ይለውጥ ነበር እንጂ የራሱን ወንበር አልነካም። እሺ፣ ይሄንንም ልተውልዎ። ጥሩ ሰው ነበር እንበል። ከእሱ በኋላስ? በ1806 ሲሞት ሕጋዊ ልጅ አልነበረውም። ወንበሩ ለወንድሙ ልጅ ሄደ። እሱ በ1789 ከንጉሡ ልጅ ጋር በሽጉጥ የተታኮሰ ሰው ነው፤ በ1819 የካናዳ ገዢ ሳለ ቀበሮ ነክሳው በእብድ ውሻ በሽታ ሞተ። ቀጥሎ አምስተኛው መጣ። እሱ ደግሞ የውጭ እህል በርካሽ እንዳይገባ የሚያግደው ሕግ እንዳይሻር የባለመሬቶቹን ማኅበር የመራ ነው። ሕጉ በ1846 ተሻረ፣ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ታግሏል። ዳቦ ይወደድ ማለት ነው! ያው ቤተሰብ፣ ያው ወንበር። ድሃው ሦስተኛውን ቢወድ እንኳ አምስተኛውን «አልፈልግህም» የሚልበት መንገድ አልነበረውም።

ደረጀ፦ እኔ ወደ ሰሎሜ ተሻገርኩ። ስለ አምስተኛው አላውቅም ነበር።

አወያይ፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ ቃል ለእርስዎ።

ጋሽ መኮንን፦ አምስተኛውን ማን አምጪ አለሽ? እኔ የተከራከርኩት ለሦስተኛው ነው! ከቀሩት 92 ውስጥ እንደሱ ያለ አንድ ቢኖርስ፣ እሱን ከምታስወጡት ሌሎቹን ብትታገሡ ምን ነበረበት? ይህን አልተውም። የከሰሉን ሽልንግ ግን አልሸሽም። እሱ ትክክል አልነበረም።