ልጁ በቀለም ይለያል፣ በመጠን ሲሉት ግን እምቢ ይላል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ3 ዓመት ተኩል ልጅ የፕላስቲክ ክዳኖችን በቀለም አሳምሮ ይለያል። «አሁን ደግሞ በመጠን» ሲባል መልሶ በቀለም ይደረድራል። ምን ይሻላል?

የኬጂ መምህርት፦
የዕድሜው ነው። በ3 ዓመት አካባቢ አንዴ የያዙትን መለያ ትቶ ወደ ሌላ መዞር ይከብዳቸዋል፤ አብዛኞቹ ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሆናቸው ይችሉታል። ለጊዜው ሁለቱን አይቀላቅሉበት። ለመጠን ሁሉም ክዳን አንድ ቀለም ይሁን፦ 5 የጀሪካን፣ 5 የማዮኔዝ ብልቃጥ። ሁለት ሳህን ላይ አንዳንድ ናሙና ራስዎ ያስቀምጡና የቀረውን አንድ በአንድ እየሰጡ «ይሄ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» ይበሉት። «ትልቅ ነው ትንሽ?» ካሉት ዕቃውን ሳያይ ቃል ይገምታል።

የሁለት ልጆች ወላጅ፦
ሳህኖቹም አንድ ዓይነት ይሁኑ! ቀይ ሳህን ካለ ቀዩን ሁሉ እዚያ ነው የሚያጉረው።

ጠያቂ፦
ባቄላና ሽምብራስ? ቤት ውስጥ የ2 ዓመት ታናሽም አለች።

ነርስ፦
እሷ ባለችበት በፍጹም። ጥሬ ያንቃል፤ አፍንጫ ውስጥ ከገባም በእርጥበቱ አብጦ ይቀረቀራል። በሽንት ቤት ሶፍት ጥቅል የካርቶን ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ለእሷ አደገኛ ነው። ማንኪያና ሹካ (ሹካው የፕላስቲክ)፣ የታጠበ ካልሲ ይበቃል።

የኬጂ መምህርት፦
ካልሲ ግሩም ነው፤ በባለቤት፣ በቀለም፣ በመጠን ይለያል። አጣማሪ ያጣውን የት እንደሚያደርገው ራሱ ይወስን፤ ምክንያቱን ብቻ ይጠይቁት።