እናቴ ስታዲየም ላይ ባቡር እንዳትሳሳት አግዙኝ

ቀላል ባቡር የምታዘወትሩ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አግዙኝ። እናቴ ማንበብ አትችልም። በየሳምንቱ ከአያት ተነስታ ቃሊቲ ያለችውን እህቷን ትጠይቃለች፤ ስታዲየም ላይ ወርዳ የቃሊቲውን ባቡር መያዝ አለባት። እኔ ነበርኩ የማደርሳት፤ አሁን ሥራ ያዘኝ። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ሞክራ፣ ስታዲየም ሳትወርድ የአያቱ መስመር መጨረሻ ጦር ኃይሎች ደረሰች። አልቅሳ ነው የደወለችልኝ።

የጣቢያዎቹን ፎቶ አሳትሜ ላስይዛት አሰብኩ። ግን ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን 5 ጣቢያዎች ሁለቱም መስመሮች ይጋሯቸዋል፤ በፎቶ ደግሞ ኮንክሪት ብቻ ነው የሚታየው። ለገሃርን በአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያና በአንበሳው ሐውልት ትለየዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እዚያ ከደረሰች ግን ስታዲየምን አልፋዋለች ማለት ነው።

ስታዲየም ከመድረሷ በፊት በመስኮት የሚታይ፣ የማይምታታ ምልክት የቱ ነው? የቃሊቲው ባቡር ከሜክሲኮ አቅጣጫ ስለሚመጣስ፣ ከወረደች በኋላ በየት በኩል ትሻገር? ፎቶ ያላችሁ ላኩልኝ።