የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ደረሰኝ፣ ትኬቱንና ኮስት ሼሪንጉን ግን ማን ይችላል?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነኝ። ለማስተርስ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ሞልቼ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት አልፈሻል የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ቤቱ እልልታ በእልልታ ሆነ። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄን መንግሥት ሊያስተምርልኝ ነው» ብላ አወራች። የትኛው መንግሥት ብሎ የጠየቃት ግን የለም። አሁን ቁጭ ብዬ ሳነበው ትኬት አይጨምርም። አንድ ጓደኛዬ ትምህርት ሚኒስቴር ይከፍላል ትላለች፣ ሌላው ደግሞ ኮስት ሼሪንግ (መንግሥት ግቢ ስንማር ተችሎልን በኋላ የምንከፍለው ወጪ) ለውጭ ትምህርትም ይሆናል ይላል። እውነት ነው? በእጄ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ወረቀት) ብቻ ነው፣ ኦፊሻል (ታሽጎ ለሌላ ተቋም የሚላከውን ትራንስክሪፕት) አላወጣሁም። የኮስት ሼሪንግ ዕዳዬ ወደ 28 ሺህ ብር ነው። የእማዬ ዕቁብ የሚደርሳት ጳጉሜ ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ ነሐሴ መጨረሻ መግባት አለብኝ። የሄዳችሁበት እስቲ ምከሩኝ።

ጃንተከል፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ፣ ሃንጋሪ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የእኛ መንግሥት ትኬት አይከፍልም፣ ቁርጡን እወቂው። ትምህርት ሚኒስቴር ስምሽን ለሃንጋሪዎቹ ያቀርባል እንጂ ብር አያወጣም። ዩኒቨርሲቲ መምህር ብትሆኚ ኖሮ ውል ፈርመሽ፣ ዋስ ጠርተሽ ደሞዝሽ እየተከፈለሽ ትሄጂ ይሆናል። እንዳንቺ በራሱ ለሞላ ሰው ግን የለም።

ሃንጋሪዎቹ የሚችሉት ይሄ ነው። የትምህርት ክፍያ የለብሽም። ለባችለርና ለማስተርስ በወር 43,700 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ) ይሰጣሉ። ዶርም አለ፣ ዶርሙን ካልፈለግሽ 40,000 ፎሪንት ይሰጡሻል። የጤና መድንም አለው። 43,700 ሲባል ብዙ ይመስላል፣ በዶላር ግን ከመቶ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ስለዚህ ዶርሙን ያዢ! ውጭ ልከራይ እንዳትይ፣ ቡዳፔስት ላይ በ40,000 ደህና ክፍል አታገኚም። ፒኤችዲ የሚማሩት ይሻላሉ፣ በመጀመሪያው ሁለት ዓመት በወር 140,000 ያገኛሉ።

ሌላው፣ ማንም የማይነግርሽ ነገር የመጀመሪያው ወር ነው። እኔ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ገብቼ ብሩን ያየሁት ኦክቶበር ላይ ነው። ባንክ አካውንቱ እስኪከፈት፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ። ያን ወር የኖርኩት እናቴ በጫነችኝ ሽሮና በርበሬ ነው፣ ውሸት የለውም። እና ከትኬቱ ሌላ የአንድ ወር ተኩል መኖሪያ ይዘሽ ነይ። ሽሮውን አትርሺ። ቋንጣ ግን እንዳታመጪ፣ ኤርፖርት ይወስዱብሻል።

ባለቴምፖ፦
ስለ ኮስት ሼሪንጉ እኔ ልመልስ፣ ተቃጥዬበታለሁና። ኮስት ሼሪንግ እርዳታ አይደለም፣ ብድር ነው። ደንብ ቁጥር 154/2000ን አንብቢው። ምግብና መኝታሽን ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ነው የተጋራሽው። ሥራ የያዘ ሰው በየወሩ ከደሞዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠበት ይከፍላል። ውጭ ሀገር ለመማር የሚሆን ኮስት ሼሪንግ የሚባል ነገር የለም፣ ሀገር ውስጥ በመንግሥት ግቢ ለተማርሽው ብቻ ነው። ጓደኛሽ ሰምቶ ይሆናል እንጂ አላየውም።

ችግሩ ብሩ ብቻ አይደለም። ያልከፈለ ሰው ኦፊሻል አይላክለትም፣ ኦሪጅናሉም አይሰጠውም። እኔ የተመረቅኩት ሌላ ከተማ ነው፣ ግቢውን አልጠራም። ከፍዬ ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ። የአባትሽ ስም እዚህ በ«ኬ» ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ በ«ኪው» ነው አሉኝ። በአንድ ፊደል! አስተካክዬ ተመለስኩ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተሳካ። እና አሁኑኑ፣ ዛሬ፣ ፓስፖርትሽን፣ ቴምፖሽንና የኮስት ሼሪንግ ውሉን ጎን ለጎን አስቀምጪና የስምሽን ፊደል አንድ በአንድ እይው። ኦፊሻሉ ታሽጎ በፖስታ ነው የሚሰጥሽ፣ ማህተሙ መዝጊያው ላይ ነው የሚያርፈው። እንዳትከፍቺው! እኔ ላንብበው ብዬ ከፍቼ ሁለተኛ አስወጥቻለሁ፣ ሞኝ።

አዘዞ ሰፈር፦
ትኬት ከጨነቀሽ ለምን ቱርክ አልሞላሽም? ቱርኪዬ ቡርስላሪ (የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ) ትኬትም ይችላል፣ ቋንቋም አንድ ዓመት ያስተምራል። የጀርመኑ ስኮላርሺፕ ዳድም (DAAD) ለጉዞ ገንዘብ ይሰጣል። ሃንጋሪ ምን አለ?

የማራኪዋ፦
@አዘዞ ሰፈር ቱርክ ሞልቼ ወድቄያለሁ ወንድሜ፣ ቁስሌን አትንካው 😂

ባለ ዲቪዋ፦
በዚሁ ላይ እኔም ልጠይቅ። እህቴ በዲቪ ሄዳ ሜሪላንድ ነው ያለችው፣ ግሪን ካርድ አላት። ኮሌጅ ልትጀምር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠኝን የትምህርት ገንዘብ ይዤ አውሮፓ ሄጄ ልማር፣ እዛ ርካሽ ነው ትላለች። ይሆናል?

ሀገር ናፋቂ፦
እኔም አሜሪካ ነኝ። ግሪን ካርድ ካላት ፋፍሳ (የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ገንዘብ ማመልከቻ ፎርም) መሙላት ትችላለች፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ግን የማይመለሰውና የሚመለሰው ይለያያል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለሰው ነው፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የዲግሪ ተማሪዎች። በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። ቀጥታ አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ከተመዘገበች ይሄ አይከተላትም። ብድሩ ግን ይከተላታል፣ ያውም ትምህርት ቤቱ በአሜሪካ መንግሥት የብድር ፕሮግራም ውስጥ ካለ ብቻ ነው፣ ሁሉም የለም። የሜሪላንድ ኮሌጇ ተማሪ ሆና አንድ ሴሚስተር ብቻ ውጭ ከወሰደችና ክሬዲቱ ለዲግሪዋ ከተቆጠረላት ግን ፔሉም አብሯት ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮሌጇ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ገብታ ትጠይቅ። አውሮፓ ርካሽ ነው ብላ በዶላር ብድር ውስጥ እንዳትዘፈቅ።

የማራኪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ባለቴምፖ ጉድ ነው፣ የእኔም ስም ተሳስቷል! ቴምፖዬ ላይ በሁለት «ኤስ»፣ ፓስፖርቴ ላይ በአንድ። ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራር እሄዳለሁ። እማዬን ቁርጡን ነገርኳት፣ መጀመሪያ ኩርፍ አለች። በኋላ ግን ዕቁብተኞቹን ለምና ዕጣ ልትለዋወጥ ነው፣ ሐምሌ ላይ የሚደርሳት ሴትዮ እሺ ካለች። እሱ ለትኬቱ ይሆናል። ለኮስት ሼሪንጉ አጎቴ ግማሹን ችሎኛል፣ ግማሹን ከደሞዜ ያጠራቀምኩት አለ። @ጃንተከል ትኬቱን በየት በኩል ልቁረጥ?

ጃንተከል፦
ሁለቱንም ጠይቂና ርካሹን ያዢ። አንዱ በኢስታንቡል ቡዳፔስት ነው። ሁለተኛው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪየና ወርደሽ በባቡር መምጣት ነው፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቪዛው ሳይመታ ግን እንዳትቆርጪ። አዲስ አበባ የሃንጋሪ ኤምባሲ ቀጠሮ ስትይዢ ለአንድ ቀን ብለሽ አትውረጂ፣ ሰነድ ማረጋገጡም እዛው ስለሚኖርብሽ ዘመድ ቤት ሳምንት የምታድሪበት አዘጋጂ። ከአዘዞ በአውሮፕላን ነው የምትሄጂው አይደል?

የማራኪዋ፦
አዎ በአውሮፕላን ነው፣ በመኪናው እማዬ አትለቀኝም። ሽሮውንም ከአሁኑ ማስፈጨት ጀምራለች፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ አትጠይቁኝ።