የታሳሪ ስም በአደባባይ ይለጠፍ ወይስ ይሸሸግ?

ታላቅ ወንድም (ዴንቨር)፦

ባለፈው የካቲት አንድ ዓርብ ማታ ታናሽ ወንድሜ ስልኩን ማንሳት አቆመ። ተሳቢ ይነዳል፤ በዚያች ሌሊት ኢንተርስቴት 80 በሚባለው አውራ ጎዳና ነብራስካን እያቋረጠ ነበር። እስኪነጋ ሆስፒታል ለሆስፒታል ደወልኩ። ከዚያ አውራ ጎዳናው የሚያልፍባቸውን ካውንቲዎች (ወረዳዎች) በካርታ እየቆጠርኩ የየሸሪፉን፣ ማለትም የየካውንቲውን ፖሊስ አዛዥ፣ ድረ ገጽ መክፈት ያዝኩ። በአራተኛው ላይ አገኘሁት፤ ስሙ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ግራጫ ግድግዳ ተደግፎ። ከፎቶው ጎን የተያዘበት ሰዓት፣ የተከሰሰበት ጉዳይና የዋስትናው መጠን ተጽፏል። በሕይወት አለ ማለት ነውና አልቅሼ አምላኬን አመሰገንኩ። በዚያው ቀን ዋስትናውን ከፍዬ አስወጣሁት።

ከሁለት ወር በኋላ ዓቃቤ ሕግ ክሱን አነሣ። ፎቶው ግን አልተነሣም። ከሸሪፉ ገጽ የቀዱት ሌሎች ድረ ገጾች ይዘውት ቀርተዋል፤ ወንድሜ ሥራ በጠየቀ ቁጥር ቀጣሪው መጀመሪያ የሚያየው ያንን ፊት ነው። ያዳነንም የጎዳንም አንድ ገጽ ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ለማንም ክፍት መሆን አለበት ትላላችሁ?

ባለ ሱቁ (አሌክሳንድሪያ)፦

ክፍት መሆን አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። በ1970 ዓ.ም. እናቴ አባቴን ፍለጋ አገልግል አንጠልጥላ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ትንከራተት ነበር። የት እንዳለ የሚናገር ሰው አልነበረም። ምግቡን ከተቀበሏት አባቴ አለ ማለት ነበር፤ ሌላ መዝገብ አልነበረንም። አንድ ሐሙስ አገልግሉን እንደ ሞላ ይዛው ተመለሰች።

ስለዚህ ሸሪፍ ሰው በያዘ ዕለት ስሙን ጽፎ ሲሰቅል የምታየው ውርደት ብቻ ከሆነ፣ ልጄ፣ ሌላውን ገጽታውንም እይ። መንግሥት «ይህ ሰው በእጄ ነው፤ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እጠየቅበታለሁ» ብሎ መፈረሙ ነው። በገጠር ደግሞ ይህ ፊርማ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጠበቃው ሩቅ ነው፣ ጋዜጠኛ የለም፣ ዘመድ በስንት ሰዓት መንገድ ነው የሚደርሰው። ሳንድራ ብላንድ በቴክሳስ ዋለር ካውንቲ በትራፊክ ጉዳይ ተይዛ የታሰረችው ጁላይ 10 ቀን 2015 ነው፤ ጁላይ 13 ታስራ በነበረችበት ክፍል ሞታ ተገኘች። ዋስትናዋ 5,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ዐሥር በመቶው፣ 500 ዶላር ገደማ፣ ቢከፈልላት ትወጣ ነበር። በእስር ቤት ሦስት ቀን ረጅም ነው።

የሕግ ተማሪ (ሜሪላንድ)፦

ጋሼ፣ ስለ እናትዎ ያነበብኩት ልቤን ነክቶታል፤ መልስ ለመጻፍም ጊዜ ወሰደብኝ። ሆኖም እርስዎ የሚሉት መዝገብና ዛሬ የሚለጠፈው መዝገብ አንድ አይደሉም። የእናትዎ ጥያቄ «የት ነው ያለው?» የሚል ነበር። ለዚያ ስምና ቦታ ይበቃል። ፎቶው ለየትኛው ጥያቄ መልስ ነው? ያልተፈረደበት ሰው ሰክሮ ወይም ደንግጦ ወይም እንቅልፍ አጥቶ የተነሣው ምስል ዕድሜ ልኩን እንዲከተለው የሚያስገድደው ምንድን ነው?

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ፎቶዎቹን ሰብስበው «ገንዘብ ክፈልና እናነሣልሃለን» የሚሉ ድረ ገጾች ስለ በዙ የጆርጂያ ግዛት በ2013 ክሱ ለተዘጋለት ሰው በነጻ እንዲያነሡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ኒውዮርክ በ2019 ፎቶውን ለሕግ ማስከበር ካልሆነ በቀር እንዳይሰጥ ገደበች። ዩታ በ2021 ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ አይወጣም አለች። ካሊፎርኒያም ከ2022 ጀምሮ ፖሊስ በኃይል ወንጀል ያልተጠረጠሩ ሰዎችን ፎቶ በማኅበራዊ መገናኛ እንዳይለጥፍ ከልክላለች። በ2016 ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1996 ራሱ የሰጠውን ውሳኔ ሽሮ፣ ታሳሪ ፎቶው እንዳይሰራጭ የሚፈልግበት የግላዊነት ጥቅም አለው ብሏል። እነዚህ ሁሉ ሰው ይሰወር አላሉም። ፍሎሪዳ ግን ፎቶውን እስከ ዛሬ እንደ ማንኛውም የሕዝብ ሰነድ ትሰጣለች።

እናት (ሚኒሶታ)፦

ስለ ፎቶው ትከራከራላችሁ፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የተፈታበት ሰዓት ነው። ልጆቼን ይዤ ከአባታቸው የሸሸሁ ሴት ነኝ። እርሱ በታሰረበት ጊዜ በአንዲት የገጠር ከተማ በሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። በየእረፍቱ ጓንቴን አውልቄ በስልኬ የእስር ቤቱን ዝርዝር እከፍታለሁ። ስሙ ካለ ወደ ቢላዬ እመለሳለሁ። አንድ ማክሰኞ ሌሊት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ስሙ የለም። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጥቼ ልጆቹን ከተኙበት አንሥቼ ጓደኛዬ ቤት አደርኩ። በማግሥቱ ጎረቤቴ ሌሊቱን ሙሉ የቤቴ በር ሲደበደብ እንዳደረ ነገረችኝ።

የሕግ ተማሪ፦

እኅቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አወጣሽ። ነገር ግን ለዚህ ለብቻው የተሠራ መንገድ አለ። በዲሴምበር 1993 በኬንታኪ ጄፈርሰን ካውንቲ ሜሪ ባይረን የተባለች ወጣትን የቀድሞ ጓደኛዋ በ21ኛ ዓመት ልደቷ ቀን ገደላት። በዋስ መውጣቱን ማንም አልነገራትም ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1994፣ እዚያው ካውንቲ ቫይን የሚባለው አገልግሎት ተጀመረ፤ ታሳሪው ሲፈታ ለተመዘገበ ሰው በስልክ ያሳውቃል። ዛሬ በብዙ ግዛቶች አለ። አንቺ እንድታውቂ ዓለም ሁሉ ማወቅ አይኖርበትም።

እናት፦

እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ማን ነገረኝ? ቅጹን የሰጠኝ የለም፣ በቋንቋዬ ያስረዳኝ የለም። ዝርዝሩን ግን ማንንም ሳልለምን ነው ያገኘሁት። የተመዘገበ ሰው ብቻ ይወቅ ስትይ፣ እንደ እኔ መመዝገብ እንደሚቻል እንኳ ያላወቀችው ሴት ምን ትሁን?

የሕግ ተማሪ፦

እውነትሽን ነው። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ተሳቢ ነጂ (ሲያትል)፦

ከዋዮሚንግ እስከ አዮዋ የታሰሩ ጓደኞቼን ስፈልግ ብዙ ሌሊት አድሬያለሁና ከልምዴ ልናገር። የእኛ ስም በዚያ መዝገብ ውስጥ ይጠፋል። የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ይጻፋል። «ወልደ»፣ «ገብረ»፣ «ኃይለ» የሚሉት አንዳንዴ ተለይተው የመካከል ስም ይሆናሉ። «ጸ»ን አንዱ ጸሐፊ በአንድ ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። ስለዚህ ሙሉ ስም አትጻፉ፤ የመጀመሪያ ሦስት ፊደሎችን ብቻ አስገቡ፣ በአባትም በአያትም ስም ሞክሩ። ካልተገኘ ወደ እስር ቤቱ ደውሉና የትውልድ ቀኑን ስጡ። የራሱ እስር ቤት የሌለው ትንሽ ካውንቲ ታሳሪዎቹን ጎረቤት ካውንቲ ያሳድራልና እዚያም ጠይቁ። ገጹ «ተፈታ» ቢልም እንዳትዘናጉ፤ ለአይስ (ለፌዴራሉ የስደተኞች ፖሊስ) ተላልፎ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መፈለጊያው የአይስ ገጽ ነው፤ የኤ ቁጥሩን (የስደተኛ መለያ ቁጥሩን) እና የትውልድ አገሩን ካወቃችሁ ይሻላል፣ በስም ከሆነ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ አያወጣውም።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ ተማሪዋ «ስም ይበቃል፣ ፎቶ ይቅር» ያለችው ለከተማ ጥሩ ነው። ዐሥር የሐበሻ ቤተሰብ ብቻ ባለበት የገጠር ከተማ ግን ስሙ ራሱ ፎቶ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ከመድረሳችን ወሬው ቀድሞን ይደርሳል። ወንድምህን የጎዳው ፎቶው ብቻ እንዳይመስልህ፤ የማይጠፋ መሆኑም ነው። ሰው ሲወጣ መዝገቡም ይውረድ።

ባለ ሱቁ፦

ሲወጣ ይውረድ ካልን፣ በእስር ቤት ውስጥ የተደበደበ ሰው እዚያ እንደ ነበር በምን ያስረዳል? ከድረ ገጹ ማውረድ አንድ ነገር ነው፤ ከነጭራሹ መፋቅ ግን ሌላ ነው። ዋናው መዝገብ ለጠየቀ ሁሉ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ።

ታላቅ ወንድም፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ይህን ክርክር ለወንድሜ አነበብኩለት። የጋሼን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ «ፎቶውን አልፈልገውም፤ ስሜ ባይኖር ግን ሰኞ ድረስ ማን ያውቅልኝ ነበር?» አለ።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ሰውየው ታስሮ እስካለ ድረስ ስሙ፣ ያለበት ቦታ፣ ዋስትናውና የችሎት ቀኑ ለማንም ይታይ። ፎቶው ከመጀመሪያውም አይለጠፍ። ሲፈታም የተፈታበት ቀንና ሰዓት ለሠላሳ ቀን ይቆይና ከገጹ ይውረድ፤ ይህን የጨመርኩት ለእኅታችን ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈልግ ጋሼ እንዳሉት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ወንድሜ የታሰረበት ካውንቲ ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣሉ። በሚመጣው ወር ነድቼ ሄጄ እናገራለሁ። ጽሑፉን ዛሬ እጀምራለሁ። የሚኒሶታዋ እኅቴ፣ የዚያን ማክሰኞ ሌሊት ነገር እንዳስገባው ትፈቅጂልኛለሽ?

እናት፦

አስገባው፣ ወንድሜ። ስለ ሽርጡም ስለ በሩም ተናገር። ስሜንና የምኖርበትን ከተማ ግን አትጥቀስ፤ የት እንዳለሁ እስከ ዛሬ አያውቅም።