የውሃ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለብኝ ነው፤ ከመግዛቴ በፊት ምን ላስፈትሽ?

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
ጀመዓ፣ እስቲ መላ በሉኝ። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መሬት ላይ ካለው ሮቶ ወደ ጣሪያው ሮቶ የምናወጣው በግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ነው። ፓምፑ ግን አይበረክትም። "እምምም" ይልና ዝም። አዲስ ስገዛም ያው ነው። ጥገና ቤት "የቻይና ስለሆነ ነው፣ የጣልያን ግዢ" አሉኝ። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

የከዚራው
አቦ አትግዢ! ጣልያንም ቢሆን ያለ ውሃ ከዞረ አይተርፍም። የታችኛው ሮቶ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ነገር አለ? የዘንጉን ሲል (ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ማሸጊያ) የሚያቀዘቅዘው የሚያልፈው ውሃ ራሱ ነው። ውሃ ከሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ውሃ ወደ ኩሽኔታው ይገባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ሞተሩ መዞር ያቅተውና ይቃጠላል።

ደቻቱ ማዶ
እኔ መብራቱን ነው የምጠረጥረው። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲለኩስ አምፖላችን እንኳን ይፈዛል። ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ) ግዢ።

ሞተር ጠምጣሚ
ቆይ፣ ምንም አትግዢ። የሞተውን ፓምፕ አልጣልሽውም አይደል? ምክንያቱ እሱ ውስጥ ነው ያለው።

መጀመሪያ ከሶኬት ንቀይው። የኋላውን ማራገቢያ ክዳን አውጥተሽ ዘንጉን በእጅ አዙሪው። በቀላሉ ከዞረና መብራት ሲያገኝ "እም" ብቻ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ትንሽ ዕቃ) ነው። ርካሽ ነው፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ አይተሽ ያንኑ ግዢ። (ቻርጅ ይይዛልና ጫፎቹን በእጅሽ እንዳትነኪ።)

አልዞርም ካለ ወይ ኩሽኔታው ነው ወይ ኖራ። የድሬ ውሃ ማፍያ ላይ የሚያስቀረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂው የለ? እነዚህ ትናንሽ ፓምፖች ውስጥ ውሃ ገፊው ከግድግዳው ጋር ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ለቀናት ሳይሠራ ከቆመ ኖራው ያጣብቀዋል። በኮምጣጤ ዘፍዝፈሽ ማላቀቅ ይቻላል።

ከዚያ የሞተሩን የመዳብ ጥቅል እዪ። ከሁለቱ ጥቅሎች የማስነሻው ብቻ ከጠቆረ ከካፓሲተሩ ጋር ይያያዛል። ሁሉም እኩል ከጠቆረ ግን ጫና ወይ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው።

ቮልቴጁን ደግሞ ማታ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ሁለት ቦታ አስለኪ፦ ቆጣሪው ጋ እና ፓምፑ ጋ።

የሳቢያኗ
ወንድሜ ከፈተው። ሲሉ ተሰንጥቋል፣ ኩሽኔታው ዝጓል፣ መዳቡም በሙሉ ጠቁሯል። አሁን የሚሠራው ፓምፕ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት አስለካሁ፦ ቆጣሪው ጋ 206 ቮልት፣ ፓምፑ ጋ 188።

ሞተር ጠምጣሚ
እንዲህ ነው እንጂ! ለ220 ቮልት ሞተር እስከ 10 በመቶ መውረድ ይቻላል፤ 198 ማለት ነው። ቆጣሪሽ ጋ ያለው ይበቃል። 18 ቮልቱን የሚበላው የራሳችሁ ሽቦ ነው። ወይ ኬብሉ ቀጭን ነው ወይ አንድ ቦታ መገጣጠሚያው ላልቷል። ኤሌክትሪሺያን አምጪና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል አለማቋረጥ ይዘርጋ፤ የመሬት ሽቦውንም ይጨምር። ስታቢላይዘር አያስፈልግሽም።

ደቻቱ ማዶ
እሺ፣ እዚህ ላይ ተረታሁ። ግን ፓምፑ ፀሐይ ላይ ነው? አብዛኞቹ የሚሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ላለ አየር ነው። በቆርቆሮ ሣጥን ከዘጋችሁት በድሬ ግንቦት ውስጡ ምድጃ ነው።

የሳቢያኗ
በቆርቆሮ ነው የተከደነው! ከላይ ጥላ ብቻ አስቀርቼ ጎኑን አስከፍታለሁ። ፍሎተሩንስ (ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ እያለ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋውን ኳስ) የትኛውን ልግዛ?

የከዚራው
ለታችኛው ሮቶ ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋውን። ባለ ሦስት ሽቦው ለሁለቱም ይሆናል፤ አንዱ ጥንድ ሲያልቅ፣ ሌላው ጥንድ ሲሞላ ያጠፋል። የሽቦው ቀለም ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ ከመግጠማችሁ በፊት ኳሱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ በቴስተር ለዩት። ኳሱም ሲወርድ የመምጠጫው ቧንቧ አፍ አየር ከማግኘቱ በፊት ማጥፋት አለበት።

የሳቢያኗ
አላህ ይስጣችሁ። ኬብሉ ተቀይሮ እንደገና ስናስለካ ቁጥሩን እጽፍላችኋለሁ።