ክርክር፦ ጋዜጣ ቲሸርት መሸጡ ለዜና ክፍሉ ምን ይፈይዳል?

መነሻ ጥያቄ፦ የአሜሪካ ትልልቅ ጋዜጦች አርማቸውንና መፈክራቸውን ያተሙበት ቲሸርት፣ ኩባያና የጨርቅ ቦርሳ ይሸጣሉ። ኒው ዮርክ ታይምስ የድሮ የፊት ገጾቹን እንደገና አትሞ የሚሸጥበት ሱቅ ጭምር አለው። አመራሩ «አዲስ የገቢ ምንጭ» ሲለው፣ ዜና ክፍል ውስጥ ያለው ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ አያምንበትም። ማን ነው ልክ? (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጥቀስ።)

ሒሳብ ሠሪው፦ ቲሸርቱ በ30 ዶላር ይሸጣል እንበል። ባዶው ቲሸርት 5፣ ህትመቱ 4፣ ማሸጊያና ፖስታ 6 ዶላር። የካርድ ክፍያው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ቢሆን 1.17 ይሆናል። 13.83 ተረፈ። ተመላሽ ዕቃ፣ ቅናሽና ሳይሸጥ የቀረው ሲታሰብ 10 ዶላር ከተረፈ ጥሩ ነው። አንድ ሪፖርተር ከነጥቅማ ጥቅሙ በዓመት 90,000 ዶላር ቢያስወጣ፣ እሱን ለማቆየት ጋዜጣው በየዓመቱ 9,000 ቲሸርት መሸጥ አለበት። በወር 10 ዶላር የሚከፍሉ 750 ተመዝጋቢዎች ግን ያንኑ 90,000 ያስገባሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም አብዛኞቹ አሉ። ቲሸርት የገዛ ሰው በወሩ ሌላ አይገዛም።

የህትመት ባለሙያዋ፦ ሒሳቡ ላይ የጎደለው ክምችቱ ነው። በስክሪን፣ ማለትም ቀለም በሚያሳልፍ ወንፊት መሰል ጨርቅ ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም ራሱን የቻለ ስክሪን ይዘጋጃል። ያ ወጪ በ24 ፍሬ ሲካፈል ከባድ፣ በ500 ሲካፈል ቀላል ነው። ስለዚህ ኃላፊው የአንዱን ዋጋ ለማውረድ 500 ያዛል። መካከለኛና ትልቅ ቁጥሩ ያልቃል፤ በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ መጋዘን ይቀራል። ሲታዘዝ ብቻ ማተምም ይቻላል፤ ክምችት አይኖርም፣ የአንዱ ወጪ ግን በጣም ይወደዳል።

ጥራቱም አለ። የኒው ዮርክ ታይምስም ሆነ የዋሽንግተን ፖስት ስም የተጻፈበት የጥንት ፊደል እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች አሉት። ስክሪኑ ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ መስመሩ ይቆረጣል ወይም ቀለም ይደፍነዋል። ፕላስቲሶል የሚባለው በሙቀት የሚጠነክር የፕላስቲክ ቀለም ደግሞ እስከ ውስጡ ድረስ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰ አይበስልም። ቲሸርቱን በማድረቂያው ውስጥ የሚያሳልፈው ቀበቶ ከፈጠነ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጥቂት ታጥቦ ይሰነጠቃል። ከመረከብ በፊት ህትመቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ከተሰነጠቀ አልበሰለም። የተሰነጠቀው ደግሞ የጋዜጣው ስም ነው።

ደጋፊው፦ እህቴ፣ ይህ ሁሉ የአሠራር ጉድለት እንጂ የሐሳቡ አይደለም። በኖቬምበር 2008 ኦባማ ባሸነፈ ማግስት ሰው ጋዜጣ ለመግዛት ተሰልፎ ነበር፤ ማተሚያዎች እንደገና ማተም ነበረባቸው። አንባቢ ያን ቀን በእጁ ይዞ ማስቀመጥ ይፈልጋል። የፊት ገጽ ደግሞ አስቀድሞ የተሠራ ነው፤ ተጨማሪ ድካም የለውም።

የፎቶ ዴስክ፦ ድካም የለውም ማለትህን አልቀበልም። ከዜና ወኪል የተገዛ ፎቶ ለዜና እንጂ ለሚሸጥ ኩባያ የተፈቀደ አይደለም። የእያንዳንዱ ፎቶ ባለቤት ይጣራል፤ የቋሚ ሠራተኛ ነው፣ የፍሪላንስ (በየሥራው የሚከፈለው) ነው ወይስ የወኪል? በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒው ዮርክ ታይምስና ሌሎች አሳታሚዎች የፍሪላንስ ጸሐፊዎችን ሥራ ያለፈቃዳቸው በዳታቤዝ ማውጣታቸው ጥሰት ነው ብሎ ፈርዷል። ለአንድ አገልግሎት የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም። ይህን የሚያጣራው የሱቁ ሰው አይደለም፤ የዕለቱን ገጽ ለህትመት እያጠናቀቀ ያለው የፎቶ አርታኢ ነው። ቅሬታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አርታኢዋ፦ ሠራተኛው የማያምነው ያለፈውን ቆጥሮ ነው። የጋዜጦች ባለቤት የሆነው ትሪቢዩን ፐብሊሺንግ ኩባንያ በ2016 ስሙን ትሮንክ ብሎ ቀየረ፤ ቴክኖሎጂና ቪዲዮ ያድነናል ተባለ። በ2018 በሥሩ የነበረው ኒው ዮርክ ዴይሊ ኒውስ የዜና ክፍሉን ግማሽ ሠራተኛ አሰናበተ፤ በዚያው ዓመት የኩባንያው ስምም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ይህን ያየ ሪፖርተር በስብሰባ ላይ አርማ ያለበት ኩባያ ሲታደል «ቅነሳ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

መፈክር መሸጥ ደግሞ ከአርማ ይከብዳል። ዋሽንግተን ፖስት በ2017 «ዴሞክራሲ በጨለማ ውስጥ ይሞታል» የሚለውን ከስሙ በታች አኖረ፤ ቲሸርት ላይም ታተመ። በ2024 ምርጫ ዋዜማ ጋዜጣው ለፕሬዚዳንት ዕጩ ድጋፍ እንዳይሰጥ ሲወሰን፣ ከ200 ሺህ በላይ ተመዝጋቢዎች እንደሰረዙ ተዘገበ። ያን ገንዘብ የትኛውም ሱቅ አይመልሰውም።

ከአዲስ አበባ፦ እዚህ የግል ጋዜጦች በአብዛኛው የሚኖሩት በጨረታና በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። ቲሸርትና ኮፍያ ደግሞ በየአውደ ጥናቱ በነጻ ስለሚታደል ገዢ ማግኘት ይከብዳል።

ደጋፊው፦ ስለ ክምችቱና ስለ ፎቶው የተባለውን ተቀብያለሁ። እንግዲያው በ24 ፍሬ ይጀመር፣ አርማ ብቻ ይታተም፣ የዓመት ክፍያ ለከፈለ ተመዝጋቢ ስጦታ ይሁን። የተሸጠው፣ የተረፈውና ወጪው በየ3 ወሩ ለሠራተኛው ይለጠፍ፤ ትርፉ ለአንድ የታወቀ ሥራ፣ ለምሳሌ ለፍርድ ቤት ዘገባ ይመደብ።

አርታኢዋ፦ መለጠፉን እደግፋለሁ። ግን የፍርድ ቤት ሪፖርተሩ በሚቀጥለው ቅነሳ ከወጣ፣ በእሱ ስም የተሸጠው ቲሸርት ገንዘብ የት ይገባል? ይህ ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ።