እህቴ ከሱቅ ዕቃ አንስታ የፖሊስ ኮሽን (ማስጠንቀቂያ) ተሰጣት፣ አሁን ምን እናድርግ?

ጠያቂ (ለንደን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 22 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ከአንድ ሱቅ ማስካራና የፊት ክሬም ኮት ኪሷ ከታ ልትወጣ ስትል ሴኩሪቲው በር ላይ ያዛት። ፖሊስ መጣ፣ ጣቢያ ወሰዷት፣ አመነች፣ ኮሽን ፈርማ ወጣች። ከዚህ በፊት ከፖሊስ ጋር ተነካክታ አታውቅም። አሁን ከክፍሏ አልወጣም ብላለች፣ እናታችንም አልሰማችም። ችግሩ ኬር ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ሥራ ልትጀምር ነበር፣ ዲቢኤስ (የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ወረቀት) ጠይቀዋታል። ሲትዝንሺፕም (ዜግነት) ልታመለክት እየተዘጋጀች ነው። ዛሬ ደግሞ ሱቁን ወክለናል ከሚሉ ሰዎች 150 ፓውንድ ክፈይ የሚል ደብዳቤ መጣ። እንክፈል ወይ?

የቶተንሃሟ፦ አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ የፈረመችውን ወረቀት በደንብ እየው። አንዳንዱ ሰው ኮሽን ተሰጠኝ ይላል፣ ወረቀቱ ሲታይ ግን ኮሚዩኒቲ ሪዞሉሽን (ከኮሽን በታች ያለ፣ ፖሊስ በስምምነት የሚጨርሰው) ነው፣ እሱ ደግሞ በጣም ይቀላል። ሲምፕል ኮሽን (ግዴታ የሌለበት) ከሆነ ጥፋትን ማመን ነው እንጂ የፍርድ ቤት ፍርድ አይደለም። በሕጉ ወዲያውኑ ስፔንት ይሆናል፣ ማለትም ጊዜው እንዳለፈበት ይቆጠራል፣ ስለዚህ ቤዚክ (መሠረታዊው) ዲቢኤስ ላይ አይወጣም። ኮንዲሽናል (ግዴታ ያለበት) ኮሽን ከሆነ ግን ስፔንት እስኪሆን እስከ 3 ወር ይቆያል፣ የተሰጣትን ግዴታም መፈጸም አለባት። ሱቅ ወይም መጋዘን ብትቀጠር ስፔንት የሆነውን የመናገር ግዴታ የለባትም። ኬር ሆም ግን ሌላ ነው፣ የሚጠይቀው ኢንሃንስድ (በጥልቀት የሚያጣራውን) ዲቢኤስ ነው። እዚያ ላይ ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ የተሰጠ ኮሽን 6 ዓመት ይታያል።

ዳዊት ቢ.፦ እኔ ግን ዝም በሉ ነው የምለው። ማን ያያል?

የቶተንሃሟ፦ ዳዊት፣ እባክህ እንዲህ አትምከር። ኢንሃንስድ ላይ ይወጣልኮ!

በጎ ፈቃደኛ (ምክር ቢሮ)፦ ስለ ደብዳቤው ልመልስ። ይሄ ቅጣት አይደለም፣ ከፖሊስም ከፍርድ ቤትም የመጣ አይደለም። የግል ድርጅት ነው የሚልከው። ሰው ደንግጦ ይከፍላል፣ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ ሱቅ ሁለት ልጆች የሴኩሪቲ ወጪዬን ይክፈሉኝ ብሎ ከሶ ተሸንፏል። ዕቃው ሳይበላሽ ከተመለሰ ቶሎ አትክፈሉ፣ ደብዳቤውን ይዛችሁ ሲትዝንስ አድቫይስ (ነፃ ምክር የሚሰጥ ድርጅት) ሂዱ። አደራ ግን፣ ከፍርድ ቤት የክስ ወረቀት ከመጣ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ መልስ ስጡ። ሱቁ እንዳትገባ የሚል ወረቀት ሰጥቷት ከሆነ ደግሞ አትግባ። ሁሉንም ቅርንጫፍ የሚል ከሆነ ሁሉንም ትተው።

ሰላም (በርሚንግሃም)፦ ሲትዝንሺፑ ላይ አደራ። ስፔንት ሆኗል ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ያ ሕግ ዜግነት ለሚወስነው ለሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) አይሠራም። ቅጹ ኮሽንንም ይጠይቃል፣ ትጻፈው። አንድ ኮሽን ብቻውን በር አይዘጋም፣ ጊዜውንና ሁኔታውን አይተው ይወስናሉ። መደበቅ ግን ማታለል ተብሎ ይያዝባታል፣ እሱ ከኮሽኑ ይብሳል። ዜግነቱን ካገኘች በኋላ እንኳ ቢደረስበት ሊነጠቅ ይችላል። ከማመልከቷ በፊት ኢሚግሬሽን ሶሊሲተር (ጠበቃ) ታናግር። ፖሊስ ዘንድ ምን እንደተመዘገበባት ማየት ከፈለገች አክሮን (የፖሊስ መዝገብ ጽሕፈት ቤት) ብትጠይቅ በነፃ ይሰጧታል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አየሁት፣ ሲምፕል ነው። ኬር ሆሙን ታዲያ ምን ትበላቸው?

ሱፐርቫይዘር ነኝ፦ ኬር ሆም ውስጥ ሰው እቀጥራለሁ። ዲቢኤሱ ወጥቶ ከምናየው ራሷ ቀድማ ብትነግረን ይሻላል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ መቼ፣ ምን እንደወሰደች፣ ዕቃው እንደተመለሰ፣ ያኔ ምን ላይ እንደነበረች፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንዳደረገች። ሴኩሪቲው አመናጨቀኝ ምናምን አትጻፍ። የአረጋውያን ቦርሳና ገንዘብ ስለሚያዝ ማናጀሩ በዚህ በኩል ጠንከር አድርጎ ይጠይቃታል፣ ተዘጋጅታ ትሂድ። አንዳንድ ቦታ እምቢ ይላሉ፣ አንዳንዱ ሪስክ አሰስመንት (አደጋ ይኖረው እንደሆነ መመዘን) ሠርቶ ይቀጥራል። እኛ ቀጥረን እናውቃለን። እምቢ ካሏት ሌላ ቦታ ትሞክር። እናታችሁን በተመለከተ ደግሞ፣ ከጎረቤት ሳትሰማ እህትህ ራሷ ብትነግራት ይሻላል፣ አንተም አብረሃት ተቀመጥ።